የልብ ደጃፎች

እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ አራት ደጃፎችን አኑሯል፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ሥራቸው ደም ወደ ፊት ሲሄድ መከፈት፣ ወደ ኋላም እንዳይመለስ መዘጋት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጠብብ ወይም አልገጥም ሲል ልብ ይደክማል፤ እግር ያብጣል፤ ሕመምተኛውም ተጋድሞ መተንፈስ ያቅተዋል።

ቀድሞ የተበላሸውን ደጃፍ ለመለወጥ ደረትን መክፈት ግድ ነበር። በሚያዝያ ወር 1994 ዓ.ም. ግን በፈረንሳይ አገር፣ በሩዋን ከተማ፣ ዶክተር አላን ክሪቢየ ለሞት ለተቃረበና ቀዶ ጥገና ለማይችል የ57 ዓመት ሰው በብሽሽቱ የደም ሥር ቀጭን ቧንቧ አስገብተው፣ ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ቫልቭ አኖሩለት። ሰውየው ከአራት ወር ያህል በኋላ በሌላ ደዌ ቢያርፍም መንገዱ ተከፈተ፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ይልቁን የሚረዳው በእርጅና ቫልቫቸው የደረቀባቸውን ነው። በአገራችን የልጆችንና የወጣቶችን ልብ አብዝቶ የሚጎዳው ግን ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ እየጠበበ ወይም እየላላ ይሄዳል።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙዎችን አክሟል። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፤ ከከሚሴም እስከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ላጠረው ልጅ ይህ ረጅም መንገድ ነው።

ስለዚህ በከሚሴም ሆነ በባቲ፣ በሰንበቴም ሆነ በገጠሩ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ብላችሁ ለቆራጭ አትስጡት። ምላጩ ደም ያፈስሳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተጀመረ ፔኒሲሊን ልብን ከዚህ ጉዳት ይጠብቃል። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ፣ ደኅና መስሎ ቢታይም፣ ሐኪሙ ይበቃል እስኪል ድረስ አያቋርጥ።

ጸበልም መርፌን አያስተውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪም ክብር ያስተምረናል። ይህንንም ምክር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ አካፍሉ፤ ደዌው ቤት አይመርጥምና።