ወላጁን ከመክሰስ በፊት

የፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከማብራሪያው የማይጠፋ አንድ ክስ አለ፤ ወላጅ ልጁን አይከታተልም የሚል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙም ወላጅ ከተወቃሾቹ አልቀረም። ክሱ ከከተማ መድረክ ተነሥቶ እስከ ገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወርዷል። በአማራ ክልል፣ በአነደድ ወረዳ፣ በአምበር ከተማ ዙሪያ ለወላጆች ስብሰባ የሚጠራ ገበሬ መዋጮ ከመጠየቁ በፊት የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ክሱ ግን ሲመረመር አይጸናም። ተከታተሉ ሲባል ደብተር እዩ፣ የቤት ሥራ መሠራቱን አረጋግጡ፣ ያልገባውን አስረዱ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 48 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ፊደል ያልቆጠረች የአነደድ እናት የልጇን ደብተር ገልጣ ልታውቅ የምትችለው ገጹ መጻፉን ብቻ ነው፤ የተጻፈው ትክክል ይሁን ስሕተት ሊነግራት የሚገባው መምህሩ ነው። በ2002 ዓ.ም. የንባብ ምዘና ሲደረግ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ መምህር ፊት ተቀምጠዋል። ልጁ አለማንበቡን ትምህርት ቤቱ ካላየ፣ ማንበብ የማትችል እናት እንዴት ታየው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ጥፋቱን ወደ ቤት መላክ ኃላፊነትን ማሸሽ ነው።

ከወላጅ የሚጠበቀውን ለማነጻጸር የቻይናን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። በዚያ አገር ልጁን አንደኛ ደረጃ ያስገባ የውጭ አገር ሰው በወላጆች ስብሰባ ላይ ቋንቋውም ሥርዓቱም ግር ቢለው ማንም አይፈርድበትም። የአምበር ገበሬ ግን ባገሩ፣ በገዛ ቋንቋው እየተነገረው፣ በወረቀትና በነጥብ ለሚሠራ ተቋም ከዚያ ሰው ያልተናነሰ ባዕድ ነው፤ ለእርሱ ግን የሚራራለት የለም። ደግሞም ወላጅ የቤት ሥራ አራሚ እስከመሆን የደረሰባት ቻይና ራሷ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ባወጣችው መመሪያ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የቤት ሥራ እንዳይሰጡ፣ እንዲያርምም እንዳይጠይቁ ከልክላለች። የተማረ ወላጅ የሞላበት አገር ይህን ሥራ ለመምህሩ ሲመልስ፣ እኛ ደብተር ይዞ ከማያውቅ ሰው መጠበቃችን ያሳዝናል።

ወላጅ ልጁን ለከብት ጥበቃና ለአጨዳ ያስቀራል፣ ሴት ልጁንም ያለ ዕድሜዋ ይድራል የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ይህ ግን የመቅረት ጉዳይ ነው፤ በየቀኑ ተገኝቶ ምንም ሳይማር የሚመለሰውን ልጅ አይመለከትም። መቅረቱም ቢሆን ወላጅ የሚያውቀውን ተጠይቆ መፍትሔ ሊበጅለት የሚችል ነው፦ በኅዳር የጤፍ አጨዳ ልጁን የሚተካው ማን ነው? ሴት ልጁ መንገድ ላይ ምን ያሰጋታል? ስብሰባው እነዚህን ቢጠይቅ ገበሬው የሚናገረው አያጣም። የወላጅ መምህር ኅብረትም የተቋቋመው ወላጅ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ እንዲወስን እንጂ አጥርና ወንበር ሲያረጅ ገንዘብ እንዲሰበስብ ብቻ አይደለም። «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው ጥሪ ለጥፋት ብቻ በሚውልበት ትምህርት ቤት ወላጅ ቢሸሽ ምን ይገርማል?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ብዙ ወላጅ ዛሬ የሚያስበው ስለ ደብተር ሳይሆን ልጁ ሄዶ በሰላም ስለ መመለሱ ነው። የትምህርት ቤቶቹ በሮች ሁሉ ሲከፈቱ ወላጁን መልሶ ማግባባት ግድ ይሆናል። ወቀሳ የለመደው አንደበት ያን ጊዜ በምን ቃል እንደሚጠራው፣ እርሱስ ጥሪውን አምኖ ይመጣ እንደሆነ፣ ከወዲሁ እርግጠኛ መሆን አልችልም።