ብረቱ አይደለም፣ መጋጠሚያው ነው

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል አዲስ አበባን ከእንቅልፏ የቀሰቀሰው ርዕደ መሬት መነሻው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ነበር። መጠኑ እንደየመዝጋቢው ከ5.5 እስከ 5.8 ተብሏል። ምድር ቤት ያለው ሰው ብዙም ሳይሰማው ፎቅ ላይ ያለው አምፖሉ ሲወዛወዝ አየ። ከሩቅ የሚመጣ ርዕደ መሬት ፈጣኑን ንዝረት መንገድ ላይ ጥሎ ዝግተኛውን ያደርሳል፤ ዝግተኛው ደግሞ ረጅም ሕንፃ ይወዳል።

ካዛንቺስ ያኔ ገና መፍረሱ ነበር። አሁን ሰፈሩ እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፤ በከተማው ደግሞ ፋብሪካ ተቆርጦ፣ ተበስቶ መጥቶ ቦታው ላይ የሚገጣጠም የብረት ሕንፃ እየተለመደ መጥቷል። ሥራው ይፈጥናል። ስለ ርዕደ መሬት ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ ግን አንድ ነው፦ «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል?»

ሎስ አንጀለስም እንዲሁ ይባል ነበር። ጥር 9 ቀን 1986 ዓ.ም. ኖርዝሪጅ ላይ መጠኑ 6.7 የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። የብረት ሕንፃዎቹ ከውጭ ሲታዩ ደህና ነበሩ፣ አልተደረመሱም። ግድግዳውና የእሳት መከላከያ ልባሱ ሲገለጥ ግን ከመቶ በላይ በሆኑት ውስጥ ቢሙ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ብየዳ ተሰንጥቆ ተገኘ። ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም የተባለው ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰብሮ ነበር። በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ጃፓን ኮቤ ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ።

ምክንያቱ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ማወቅ ግን ይጠቅመናል። በያጁ የቢሙን የታችኛውን ከንፈር ሲበይድ መሃል ላይ የቆመው የቢሙ ገላ መንገድ ይዘጋበታል። እዚያ ላይ አቋርጦ ከሌላኛው ጎን ይቀጥላል፤ ጉድለቱ የሚደበቀውም እዚያው ነው። ብየዳው እንዳይፈስ ከሥር የተደገፈው ስስ ላሜራ ሳይነሳ ይቀራል፤ ስንጥቁ ከእሱ ጠርዝ ይጀምራል። የብየዳ ሽቦው ዓይነትም ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ የሚሆን ነበር። መፍትሔው የሚገርም ነው። ከመጋጠሚያው ትንሽ ራቅ ብሎ የቢሙን ከንፈር ሆን ብሎ መሸረፍ። ቢሙ እዚያ ይደክምና ይታጠፋል፣ ብየዳው ይተርፋል።

እዚህ ላይ ፋብሪካ የተሠራ ብረት ብልጫ አለው፣ ልክደው አልፈልግም። ዋናው ብየዳ ጣሪያ ሥር፣ በቁጥጥር ይሠራል፤ ቦታው ላይ የሚቀረው ብሎን ማሰር ብቻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጥም ሲል ነው። ሠራተኛው ክሬኑ በሰዓት እየተከፈለበት ብረቱን ወደ ፋብሪካ አይመልስም። ቀዳዳውን በእሳት ያሰፋዋል፣ ወይም ብሎኑን ትቶ ይበይደዋል። ያን ጊዜ መሐንዲሱ ያሰላው መጋጠሚያ የለም፤ ያለው ሌላ፣ ማንም ያላሰላው ነገር ነው። በኮንክሪት ሕንፃ አናት ላይ የሚቀጠለው የብረት ፎቅማ ይብሳል፤ ሙሉ ፎቅ በጥቂት ብሎኖች አሮጌ ኮንክሪት ላይ ይቆማል።

ሕጉም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የሕንፃ ኮድ አዲስ አበባን ሲያሰላ የመሬቱን የጎን ግፊት የስበት 5 በመቶ አድርጎ ነበር፤ የ2015ቱ ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገው። የመጀመሪያው በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣውን፣ ሁለተኛው በ475 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ይዞ ነው የሚያሰላው። ለእኛ ሩቅ ነገር እንዳይመስለን፦ የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ካዛንቺስ ዳር ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ካራ ቆሬ ተናውጣ ማጀቴ ፈረሰች።

ኮዱ ግን ወረቀት ላይ ያለውን እንጂ ፓኔል የሸፈነውን አያይም። ስለዚህ ጥያቄዬ ጠባብ ነው። መጋጠሚያው ሳይታይና ሳይመዘገብ ግድግዳ አይለበስ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ቁጥር ይሰጠው፣ ፎቶ ይነሳ፣ ዋናዎቹ ብየዳዎች በአልትራሳውንድ ይፈተሹ፣ ብሎኑ በምን ያህል ኃይል እንደታሰረና ማን እንዳሰረው ይጻፍ። ሰነዱ ለሕንፃው ባለቤት ይሰጥ፤ ሕንፃው ሲሸጥ አብሮ ይሂድ። ባለቤቶችም ራሳችሁ ማየት የምትችሉት አለ። የብሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይኖራል። ሥዕሉ ላይ 10.9 ተብሎ ብሎኑ ባዶ ከሆነ ሥራውን አስቁሙ።

«ይህ ሁሉ ሥራ ያዘገያል» የሚል ይመጣል። አዎ፣ ያዘገያል፤ ጥቂት ቀናት። ኖርዝሪጅ ላይ ግን ሰው ገብቶ የሚሠራበትን ቢሮ ጣሪያና ግድግዳ ቀድዶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ መፈለግ ግድ ሆኖ ነበር። ካዛንቺስ ላይ ያልተሸፈነ ብረት እስካለ ድረስ የሚያስፈልገው መሰላልና የእጅ ባትሪ ነው።