መኪናው ኢንሹራንስ አለው፤ እናንተስ?

መኪና ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይቺን ንግግር ያውቃታል። «መኪናው ኢንሹራንስ አለው?» «አለው፣ ሙሉ ነው።» አለቀ። መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ኮፒ ይደረጋል፣ ማስያዣ ይከፈላል፣ ውሉ ሳይነበብ ይፈረማል፣ ቁልፍ ይወሰዳል። አከራዩ በመሀል «ትንሽ ብር ጨምረህ ተጨማሪ ሽፋን ይግባልህ?» ቢል እንኳ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ለሁለት ቀን ምን ይሆናል ብለህ ነው!»

ምንም ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜም ምንም አይሆንም። ግን ተጨማሪውን ሽፋን እንግዛ ወይስ ይቅርብን ብለን ከመከራከራችን በፊት አንድ ነገር መጥራት አለበት። መኪናው ኢንሹራንስ አለው ማለት የመኪናው ባለቤት ኢንሹራንስ አለው ማለት ነው። ተከራዩ አለው ማለት አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? የሰው ኢንሹራንስም ሁልጊዜ አያድንም።

ከመስታወቱ ላይ ከተለጠፈው እንጀምር። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው፤ ያለሱ መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ስለዚህ «ኢንሹራንስ አለው» የሚለው መልስ በዚህ ብቻ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሄ መድን የቆመው ግን መኪናው ለሚገጨው ሰውና ለሚያበላሸው የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ለዚያም ቢሆን ጣሪያ አለው። የተከራያችሁት መኪና ራሱ ቢጋጭ፣ ቢገለበጥ ወይም ቢሰረቅ ይሄ መድን አምስት ሳንቲም አይከፍልም።

«ሙሉ» የሚባለው ሌላ ነው። እሱ የመኪናውን ጉዳት ይሸፍናል፤ የተዋዋለው ግን ባለቤቱ ነው፣ ካሳውም የሚከፈለው ለባለቤቱ ነው። ከዚያ በኋላስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን አንድ ግልጽ መርህ አለው፦ ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በከፈለው ልክ የባለቤቱን ቦታ ወስዶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሦስተኛ ሰው መጠየቅ ይችላል። ተከራዩ በፖሊሲው ላይ እንደ ተፈቀደለት ነጂ ካልተካተተ ያ «ሦስተኛ ሰው» ራሱ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ተክሷል፣ እናንተ ግን ገና መጠየቃችሁ ነው።

በዚህ ላይ አጠቃቀሙ አለ። መኪና ሲመደን ለምን እንደሚውል ይጻፋል፦ ለግል፣ ለኪራይ፣ ለንግድ። አረቦኑም በዚያው ይለያያል፤ የኪራይ መኪና ብዙ እጅ ስለሚነካው ይወደዳል። አሁን በቴሌግራም «ንጹህ ቪትዝ፣ ያለ ሹፌር፣ በቅናሽ» ተብለው የሚለቀቁትን መኪኖች አስቡ። ሁሉም ለኪራይ ተብለው የተመደኑ ይመስላችኋል? ለግል የተመደነ መኪና በኪራይ ላይ እያለ አደጋ ቢደርስበት መድን ሰጪው «እኔ የተዋዋልኩት ለዚህ አይደለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ያኔ «ሙሉ ነው» የተባለው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ቅናሹ ከየት እንደመጣ የሚገባን በዚያ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የብሩ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። መኪናም መለዋወጫም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ቀጥሎ የሆነውን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ብዙ ሰው ግን የመኪናውን ዋጋ እንጂ ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን ዋጋ አያይም። መኪናው ከዋጋው በታች ከተመደነ ደግሞ ካሳው በዚያው መጠን ይቀንሳል። ግማሽ ዋጋውን ያስመደነ ሰው ለቀሪው ግማሽ የራሱ መድን ሰጪ ራሱ ነው፤ ሙሉ መኪናው ባይወድም፣ በሩ ብቻ ቢጨረገድም ሒሳቡ ያው ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ በራሳችሁ መተካት ትችላላችሁ። መኪናው ዛሬ 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ የተመደነው ግን በ1.5 ሚሊዮን ነው። ለሦስት ቀን ተከራያችሁት፣ ተጋጨ፣ ጥገናው 400,000 ብር ተባለ። መድን ሰጪው ግማሹን፣ 200,000 ይቀበላል። ከዚያ ላይ ባለቤቱ ራሱ እንዲሸፍን የተዋዋለውን ድርሻ፣ 20,000 እንበል፣ ይቀንሳል። የሚከፈለው 180,000 ነው። የቀረው 220,000 የማን ነው? ሳታነቡ የፈረማችሁትን ውል ተመልከቱት። «ኢንሹራንስ የማይሸፍነውን ተከራይ ይሸፍናል» የሚል መስመር ካለ የእናንተ ነው። «መኪናው ጋራዥ ለሚቆምበት ጊዜ የቀን ኪራይ ይታሰባል» የሚልም ካለ፣ በቀን 5,000 ለ20 ቀን ሌላ 100,000 ተጨመረ። ጠቅላላ 320,000 ብር። በወር 16,000 ብር እጁ ላይ ለሚደርሰው ወጣት ይሄ ሳይበላና ሳይጠጣ የ20 ወር ደሞዝ ነው። እሱ ባይኖረው ዋስ የሆነለት ጓደኛው ወይም ታላቅ እህቱ አለች። አበዳሪው የራስ ቤተሰብ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ተጨማሪው ሽፋን በቀን 600 ብር ነው፣ ለሦስት ቀን 1,800። ይግዛ ወይስ ይቅር?

በተለምዶ የምናሰላው «አደጋ የመድረስ ዕድሉ ስንት ነው?» እያልን ነው። እንደዚያ ካሰላን መልሱ አይግዛ ይሆናል። እንዲህ ያለ አደጋ ከ300 ኪራይ አንዴ ይደርሳል ብንል፣ በአማካይ የሚደርስብን ኪሳራ ወደ 1,067 ብር ነው። 1,800 ከፍሎ 1,067 መግዛት ኪሳራ ነው። መገረም የለብንም፤ ኢንሹራንስ በአማካይ ሁልጊዜ ለገዢው ኪሳራ ነው፣ ካልሆነ ድርጅቱ ቢሮ የሚከራይበት አይኖረውም።

ግን ማንም ሰው በአማካይ አይኖርም። ከ300ው አንዱ ከሆንክ የምትከፍለው 1,067 አይደለም፣ 320,000 ነው። ስለዚህ ከዕድሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ቢደርስብኝ ልሸከመው እችላለሁ?» ነው። ይሄን ከኛ በፊት አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ዕድር ለጉንፋን አይከፍልም። ድንኳን የሚተከለው፣ ወንበር የሚወጣው፣ ገንዘብ የሚሰጠው አንድ ቤት ብቻውን የማይችለው ነገር ሲደርስ ነው። ለዓመታት ከፍሎ ምንም ያልደረሰበት ሰው «ዕድር በላኝ» አይልም፤ ባለመድረሱ ያመሰግናል።

ይሄው ሚዛን በሌላ በኩልም ይቆርጣል፦ የምትችሉትን ነገር አትመድኑ። ጀስቲን ሲድኖር የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካ 50,000 የቤት ኢንሹራንስ ውሎችን አይቶ ነበር። ሰዎች አደጋ ሲደርስ ከኪሳቸው የሚያወጡትን ከ1,000 ዶላር ወደ 500 ለማውረድ በአብዛኛው 100 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ካሳ የሚጠይቁት ግን ከ5 በመቶ በታች ስለሆኑ የዚያ ጥበቃ ዋጋ በአማካይ ከ25 ዶላር አይበልጥም ነበር። ትንሽ ጉዳት ፈርተው አራት እጥፍ ከፈሉ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲመጣ፦ ለጭረት፣ ለጎማ፣ ለተሰረቀ ስፖኪዮ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ሽፋን ቢቀርብላችሁ እና ያንን ከማስያዣችሁ ላይ መቻል ካልከበዳችሁ፣ አመስግናችሁ እለፉት። 320,000ውን የሚዘጋ ከሆነ ግን 1,800 ብር ለሰርግ ከሚወጣው ወጪ ውስጥ ርካሹ ነው።

አንድ ሌላ መንገድም አለ፣ ማንም ኢንሹራንስ ብሎ አይጠራውም እንጂ። ከነሹፌሩ መከራየት። ሹፌሩ የአከራዩ ሠራተኛ ነው፤ መሪውን የያዘው እሱ እስከሆነ ድረስ መኪናውን አጋጨህ የሚላችሁ የለም። ለሹፌሩ የምትጨምሩት ብር ግማሹ የጉልበት ዋጋ፣ ግማሹ አረቦን ነው ብላችሁ አስቡት። ተጨማሪ ሽፋን የሚሸጥ አከራይ ካጣችሁ፣ በተለይ ከከተማ ውጪ በማታውቁት መንገድ ከሆነ የምትሄዱት፣ ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይሄ ሊሆን ይችላል።

«ኢንሹራንሶች እኮ አይከፍሉም፣ ሲቀበሉ ብቻ ነው የሚስቁት» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። መጉላላቱ አለ፣ ልክድ አልፈልግም። ነገር ግን ካሳ የሚከለከልባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ከመፈረማችን በፊት የሚታዩ ናቸው፦ ደረጃው የማይመጥን መንጃ ፈቃድ፣ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ጓደኛ መንዳቱ፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ለትራፊክ ሳይነገር በስምምነት የተለያዩበት ግጭት። የመጨረሻዋ ብዙዎችን ትጥላለች። «ተስማምተናል፣ ትራፊክ አንጥራ» ማለት በራስ መኪና ያስኬድ ይሆናል፤ በተከራየ መኪና ግን ያለ ፖሊስ ማስረጃ ካሳ ለመጠየቅ መሞከር ያለ ትኬት አውሮፕላን ለመሳፈር እንደ መሞከር ነው።

ከአሜሪካ ለበዓል ወይም ለሰርግ የምትመጡ ደግሞ «ክሬዲት ካርዴ ይሸፍናል» ትላላችሁ። ብዙ ካርዶች የኪራይ መኪና ሽፋን አላቸው፣ እውነት ነው። ግን በአብዛኛው የሚሸፍኑት የመኪናውን ጉዳት እንጂ የተጎዳውን ሰው አይደለም፤ ኪራዩም በዚያው ካርድ መከፈል አለበት። እዚህ በጥሬ ገንዘብ ወይም በአጎታችሁ ልጅ ሞባይል ባንኪንግ ከከፈላችሁ ካርዱ ምንም አያውቅም። ከመሳፈራችሁ በፊት ካርዱን ወደ ሰጣችሁ ባንክ ደውሉና ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ለባለቤቱ የቀን ገቢ እየከፈላችሁ በራይድ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶችማ ነገሩ ከሁሉም ይበልጥ የእናንተ ነው። የሰርግ ተከራይ ለሁለት ቀን ይጋለጣል፣ እናንተ በዓመት 300 ቀን። «ዛሬ ምንም አይሆንም» የሚለው ሒሳብ በየቀኑ ሲደጋገም አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም። ከባለቤቱ ጋር የቀን ገቢ ስትደራደሩ 50 ብር ከማስቀነስ ይልቅ መኪናው ለዚህ ሥራ መመደኑንና ስማችሁ ነጂ ተብሎ መካተቱን ማረጋገጥ ይበልጣል።

እንግዲህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መኪናው ለኪራይ ነው የተመደነው? እኔስ በፖሊሲው ውስጥ አለሁ? ፖሊሲውን አሳዩኝ በሉ፤ ስልካችሁ ካሜራ አለው። ሁለተኛ፣ የተመደነበት ዋጋ ከዛሬ ዋጋው ጋር ይቀራረባል? ሦስተኛ፣ የከፋው ቢመጣ ከእኔ ኪስ የሚወጣው ቢበዛ ስንት ነው? የሦስተኛውን መልስ በቁጥር ውሉ ላይ አስጽፉት። ቁጥሩን ከቻላችሁት ፈርሙና ንዱ። ካልቻላችሁት ተጨማሪውን ሽፋን ግዙ፣ ወይም ከነሹፌሩ ውሰዱ፣ ወይም ሌላ አከራይ ፈልጉ።

ለአከራዮችም አንድ ቃል። «ተከራይ ለማንኛውም ጉዳት ኃላፊ ነው» ብሎ ጽፎ ዝም ማለት ቀላል ነው፤ 320,000 ብር ከሌለው ልጅ 320,000 መቀበል ግን አይቻልም። ትርፉ ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። ጣሪያውን የሚጽፍ፣ ፖሊሲውን የሚያሳይ፣ ተጨማሪውን ሽፋን በግልጽ ዋጋ የሚሸጥ አከራይ ለራሱም ይጠቅመዋል። እኛም ተከራዮች «ኢንሹራንስ አለው?» ብለን በጠየቅን ቁጥር «አለው» ተብለን እንሸኛለን። ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄውን እንቀይረው፦ «ቢጋጭ እኔ ስንት እከፍላለሁ?»