ሴት ልጅ ትማር ካልን ገንዘቡስ?

የትምህርት ቤታችን የእርዳታ ገንዘብ አሰጣጥ ደንብ በቅርቡ ለወላጆች ስብሰባ ይቀርባል። ከዚያ በፊት የአንድ የሩቅ ትምህርት ቤት ታሪክ ብናነሣ ይጠቅማል ብለን አስበናል።

ለንደን ውስጥ፣ ዌስትሚኒስተር፣ «ግሬይ ኮት ሆስፒታል» የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን የሰማ ሕክምና ቤት ይመስለዋል፤ በድሮው እንግሊዝኛ ግን «ሆስፒታል» ችግረኞችን ተቀብሎ የሚያሳድር ቤትም ይባልበት ነበር። ግራጫው ኮት ደግሞ የልጆቹ የደንብ ልብስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1698 ለድሃ ልጆች ብለው የከፈቱት የአንድ ደብር ስምንት ምእመናን ናቸው። በ1701 ድሆች እየሠሩ ይኖሩበት ወደነበረ ሕንፃ ተዛወረ፤ በ1706 ንግሥት አን ቻርተር ሰጠችው። ሴቶች ልጆችም ገብተው ነበር። ይሁንና በዚያ ዘመን በበጎ አድራጎት ትምህርት ቤቶች ለድሃ ሴት ልጅ የሚታሰብላት ማንበብ፣ መስፋትና ሰው ቤት መቀጠር ነበር።

ለውጡ የመጣው ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1864 በሎርድ ቶንተን የሚመራ ኮሚሽን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለመመርመር ሲቋቋም፣ ኤሚሊ ዴቪስ የሴቶቹም ጉዳይ እንዲታይ ወተወተች። እንደ ፍራንሲስ ሜሪ ባስ ያሉ ርእሳነ መምህራንም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ሒሳቡ ሲታይ፣ ደጋጎች ለትምህርት ብለው ያወረሱት ገንዘብና መሬት አብዛኛው የሚውለው ለወንዶች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1869 የወጣው ሕግ ሀብቱ በተቻለ መጠን ለሴቶችም እንዲደርስ አዘዘ። ግሬይ ኮት በ1874 የልጃገረዶች የቀን ትምህርት ቤት የሆነው ከዚህ ሕግ በኋላ ነው። ዛሬም ያስተምራል።

በእኛ ግቢ «ሴት ልጅ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል» የሚል ወላጅ የለም። ምኞቱ ሞልቷል። ነገር ግን ከትምህርት በኋላ ወንዱ ለጥናት ሲቀመጥ፣ እኅቱ ታናናሾቿን ትይዛለች፤ ወይም እናቷን እንጀራ ስትጋግር ታግዛለች። ማርኳ ቢወርድ ምን ይገርማል? የእኛ እርዳታ ደግሞ እስካሁን የሚሰጠው በማርክ ብቻ ነው። እንግዲህ ጊዜ ያጣችው ልጅ ገንዘቡንም ታጣለች ማለት ነው።

ማርክ ለሁሉም እኩል መለኪያ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። ሰነፍ ይሸለም አንልም፤ ሆኖም እኩል የማጥኛ ሰዓት የሌላቸውን ልጆች በማርክ ብቻ ማወዳደር እኩልነት አይመስለንም። ሐሳባችን የእርዳታው ግማሽ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ሴቶች እንዲመደብ፣ ሲመረጡም ከማርኩ ጋር የቤታቸው ሁኔታ እንዲታይ ነው።

ረቂቁ በጽሕፈት ቤታችን ይገኛል። ወላጆች አንብባችሁ ኑልን፤ በተለይ አባቶች።