የእንጨት ወፍና ዳኞቹ

እንጨት ጠርቦ ወፍን በአምሳሉ የሚያወጣ ባለሙያ ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ሲቀርብ የሚጠብቀው ፍርድ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ «ይህ የእጅ ሥራ እንጂ ኪነ ጥበብ አይደለም፤ ተፈጥሮን መቅዳት ፈጠራ አይባልም» ይሉታል። አባባሉ የጠለቀ ይመስላል፤ ምንጩ ግን ባለ እጅን የመናቅ አሮጌ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ከገበያ ቢሸሽም የሐያሲ ካባ ደርቦ አዳራሽ ገብቷል።

አምሳያነት ከየት እንደ መነጨ ይመርመር። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ጠረፍ፣ አዳኞች የዱር ዳክዬን ለማታለል ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት ዳክዬ ይጠርቡ ነበር። በክሪስፊልድ ከተማ ፀጉር አስተካካዮች የነበሩት ሌምና ስቲቭ ዋርድ የተባሉ ወንድማማቾች ይህን የአደን መሣሪያ ወደ ቅርፃ ቅርፅ አሳደጉት፤ በስማቸው የተሰየመውም ድርጅት የአዕዋፍ ቅርፅ የዓለም ውድድር እ.ኤ.አ. በ1971 ጀመረ። ጥበቡን የቅምጥሎች ጨዋታ አድርገው የሚያቃልሉ ሰዎች የጀመሩት ምላጭና መቀስ ይዘው የሚውሉ ሠራተኞች መሆናቸውን ቢያውቁ መልካም ነበር።

ከዚህ የቀረበ ምስክር በአፍሪካ ሣር ምድር አለ። የሰሜን ናይጄሪያ የሐውሳ አዳኞች የኤርኩምን ራስና አንገት ከእንጨት ቀርፀው ግንባራቸው ላይ ያስሩ፣ ጎንበስ ብለውም እንደ ወፉ እየተራመዱ ወደ አውሬው ይጠጉ ነበር። ዳኛይቱ ሚዳቋ ናት። ቅርፁ ካልመሰለ ትፈረጥጣለች፤ አዳኙም ራቱን ያጣል። ከእርሷ የጠነከረ ሐያሲ በየትኛው አዳራሽ ተቀምጧል?

ይኸው ኤርኩም በመተማና በቋራ ቆላም የሚኖር ወፍ ነው። መተማ ሲባል በብዙው አንባቢ ልቡና የሚመጣው በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት የጦር ሜዳ፣ የሰሊጥ እርሻና ኬላው ነው፤ ወፉን የሚያስብ የለም። ኤርኩም ግን ለቀራፂ ታላቅ ፈተና ነው። የወንዱ ጉሮሮ ቀይና ሰማያዊ ሲሆን የሴቷ ሰማያዊ ብቻ ነው። በምንቃሩ ላይ ያለው ቆብ ከፊቱ ክፍት ነው። ረጃጅም ሽፋሽፍት አለው። ሲቆም ጥቁር ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ግን ነጭ ላባው ብልጭ ይላል። ይህን ሁሉ ሳያጠና የሚቀርፅ ሰው ለአዲስ አበባ የማስታወሻ ዕቃ መደብር የሚሆን፣ ሽመላም ቁራም ያልሆነ ወፍ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ስንፍና «የራስ ስልት» ብሎ ማወደስ ማታለል ነው። ላባ ቆጥሮ አቋሙን የሳተ ቅርፅም ሬሳ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግን የማያውቁትን መሳት አንድ ነገር ነው፣ አውቆ መተው ሌላ።

«ከባህላችን ውጭ ነው» የሚለው ክስም አያስኬድም። ቤተ ክርስቲያን ቁም ሐውልትን ብትሸሽም፣ በደብረ ዳሞ ጣሪያ ሳንቃዎች ላይ እንስሳት ተቀርፀዋል።

ይልቅ የሚያሳስበው እንጨቱ ነው። ኤርኩም ጥቁር ነውና በዞጲ ይቀረፅ የሚል ምክር መምጣቱ አይቀርም፤ ሲወለወል ያብረቀርቃል፣ ገዢም ይወደዋል። ዞጲ ግን እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ኤርኩም ደግሞ ጎጆውን የሚያበጀው በትልልቅ ዛፎች ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ወፉን ለማክበር ተብሎ ቤቱ ከተቆረጠ ቅርፁ የመቃብር ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በመተማ ውድድር ቢቋቋም፣ መቋቋምም አለበት፣ የመጀመሪያው ደንብ ወድቆ ከተገኘ ዋንዛ በቀር እንጨት አይቀርብም የሚል ይሁን፤ ጥቁሩን ቀለም ያምጣው።

ዳኞቹንም ከከተማ በመኪና ማጓጓዝ አያስፈልግም። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ የቆላው ከብት ጠባቂ ይሁን። ቅርፁን ዞሮ አይቶ «ይህቺ ሴቷ ናት» ካለ ቀራፂው አልፏል። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ ሥራው ወደ መሮው ይመለሳል።