መቅደላ ዛሬም በጨረታ

የመጀመሪያው ጨረታ የተካሄደው ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በዘበዘ። ምርኮው 15 ዝሆኖችንና 200 የሚጠጉ በቅሎዎችን የጠየቀ ነበር፤ በሽሎን አሻግረው ደላንታ አደረሱትና ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጫርቱ ዋሉ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ለሠራዊቱ ሲከፋፈል፣ ለአንድ ተራ ወታደር የደረሰው ከአራት ጠገራ ብር ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነው። ለዚህ ነበር እንግዲህ ያ ሁሉ ብራና!

ከዚያ ወዲህ ጨረታው ቤት ለወጠ እንጂ አላበቃም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ብሪድፖርት በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀልና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀረቡ። በ2016 ደግሞ ኒውካስል ላይ አንድ ጋሻ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ተገመተ። በሁለቱም ጊዜ ከኢትዮጵያ ወገን ተቃውሞ ቀርቦ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ። እኔን የሚገርመኝ በዝርዝሩ ላይ «መቅደላ» የሚለው ቃል በኩራት መጻፉ ነው። በሌላ ዕቃ ላይ ቢሆን ሌባውን የሚያሲዝ ቃል፣ እዚህ ዋጋ ማድመቂያ ሆኗል።

«ታዲያ ገዝተን አንገላገልም?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ የተጣለውንና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀውን ግድብ ከደመወዙ እየቆረሰ፣ ቦንድ እየገዛ የሠራ ሕዝብ ለአንድ ጋሻ 1,000 ፓውንድ ያቅተዋልን? አያቅተውም። ነገር ግን ጉባ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰው ያልነበረውን ለመሥራት ነው። ጋሻው ግን ነበረው። መንግሥት አንድ ጊዜ ተጫራች ሆኖ እጁን ካወጣ፣ የአያቱን ሣጥን ሰገነት ላይ ያስቀመጠ ሁሉ ገበያ መኖሩን ያውቃል፤ የሚቀጥለው ጋሻም በዚህ ዋጋ አይገኝም።

የግል በጎ አድራጊዎችን አልነቅፍም። የብሪድፖርቱን ዕቃ የሼሄራዛድ ፋውንዴሽን፣ የኒውካስሉን ጋሻ የልዑል ኤርምያስ ሣህለ ሥላሴ ድርጅት ገዝተው ለአገራቸው ምድር አብቅተዋቸዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ እንበል፦ በመጀመሪያ ተቃውሞው ጨረታውን አስቆመ፣ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘብ የተነሣው።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኢቤይን ከፍቶ «የኢትዮጵያ ብራና» ብሎ የፈለገ ሰው የሚያየውን የአስማት ጥቅልና ከጥራዙ ተገንጥሎ ቅጠል በቅጠል የሚቸረቸር መጽሐፍ ሁሉ ዝሆን አልጫነውም። ብዙው በእኛው ዘመን፣ በሻንጣ፣ ምናልባትም በልብስ ተጠቅልሎ የወጣ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። አዋጁ ግን የተቸገረውን መነኩሴ፣ በር ላይ የሚጠብቀውን ደላላና የጎብኚውን ዶላር አንድ ላይ ሊያቆማቸው አልቻለም። ነጋዴው ጥራዙን የሚገነጥለው ደግሞ ሲበታተን የበለጠ ስለሚያወጣ ነው፤ የተበተነ መጽሐፍ የማን እንደነበረ ለማወቅም ይከብዳል።

ይከብዳል እንጂ አይቻልም አልልም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። አንዲት ቅጠል አይቶ፣ ከፊልሙ ጋር አስተያይቶ፣ «ይህች የእገሌ ደብር ናት» ሊል የሚችል የግእዝ ሊቅም አላጣንም። ማታ ማታ እነዚያን የሽያጭ ገጾች ሲያገላብጥ እንዲያመሽ ደመወዝ የተቆረጠለት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። እንደ ግድቡ እናዋጣ ከተባለ፣ እኔ የማዋጣው ለእርሱ ደመወዝ ነው።