የሙሽሪት አባት፦ ይሳቅበት ወይስ ይታዘንለት?

እ.ኤ.አ. በ1941 ፓራማውንት «የተረሳው ሰው» የተባለ አጭር ኮሜዲ ለሲኒማ ቤቶች አቀረበ። ተዋናዩ ሮበርት ቤንችሊ ነው፤ የተረሳው ሰው ደግሞ በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ የሙሽሪት አባት። በዘመኑ የአሜሪካ ልማድ የሠርጉ ወጪ የሚወድቀው በሙሽሪት ወላጆች ላይ ነበር። አባትየው ይከፍላል፤ ልጁን ክንዷን ይዞ እስከ መሠዊያው ያደርሳታል፤ ቄሱ ይህችን ሴት የሚሰጥ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለም።

በዚህ ሰው መሳቅ ተገቢ ነው? ለቀልዱ የሚሟገት ሰው መጀመሪያ ቤንችሊን ራሱን ምስክር ይጠራል። በ1935 የሠራው «እንዴት እንደሚተኛ» የተባለ አጭር ፊልም ኦስካር ያሸነፈለት ይህ ደራሲና ተዋናይ የሚታወቀው በአንድ ገጸ ባሕርይ ነው፦ ሙሉ ልብስ ለብሶ በአዋቂነት ሊያስረዳ ይነሣና ትንሿ የኑሮ ጣጣ የምታሸንፈው ሰው። አይቆጣም፤ ማንንም አይወቅስም። የዚያ ዘመን አባት ልጄ ከቤቴ ልትወጣ ነውና ከፋኝ ብሎ በአደባባይ ማልቀስ አይችልም ነበር። ቀልዱ ያንን ኀዘን በማያሳፍር መንገድ አወጣለት። በአዳራሹ የተቀመጡ አባቶች በራሳቸው ሲስቁ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ያውቃሉ፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ተቃዋሚውም ጠንካራ ነጥቦች አሉት። የኋላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1932 በሬዲዮ ስለ ተረሳው ሰው ሲናገር ያሰበው በኢኮኖሚው ፒራሚድ ግርጌ ያለውን ድሃ ነበር፤ የሥራ አጥነቱ ዘመንም ያንን ስም ለተራበው ሰው ሰጠው። ከዘጠኝ ዓመት ያህል በኋላ ስሙ ትልቅ ድግስ መደገስ ለሚችል የቤት ጌታ መዋሉ ለብዙዎች ሊከብድ ይችላል። ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ይመዝናል። በዚህ ዓይነት ኮሜዲ ውስጥ ጥሪውን የምትጽፈው፣ ልብሱን የምታሰፋው፣ እንግዳውን የምታስተናግደው እናት አብዛኛውን ጊዜ ግርግር ሆና ብቻ ትታያለች። የገንዘቡ ባለቤት ተበዳይ፣ የድካሙ ባለቤቶች በዳይ ይሆናሉ። ሴት ልጅ ከአንድ ወንድ እጅ ወደ ሌላው የምትተላለፍበት ሥርዓት ደግሞ ሳይነካ ያልፋል።

እኔ ግን ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሁለቱም ወገን መልስ የያዘ ይመስለኛል። አባትየውን ያስረሳው የሴቶቹ ሩጫ አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ የሰጠው ሥራ ከፋይነትና አስረካቢነት ብቻ መሆኑ ነው፤ ያስረከበ ሰው ደግሞ ሥራው አብቅቷል። በእኛ ሠርግ አባት እንዲህ አይረሳም፤ ሽማግሌ የሚላከው ወደ እሱ ነው፣ ሙሽሮቹም የወላጆችን ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። የእናቲቱ ጥድፊያ ግን ከአሜሪካዊቷ አያንስም። ስለዚህ የቀልዱ ዒላማ ልማዱ እስከሆነ ድረስ ትክክለኛ ቀልድ ነው፤ ወደ እናትና ወደ ልጅ ሲዞር ፍርድ ያጎድላል።

ይህን ለመመዘን ጥሩ መለኪያ አለ። ቤንችሊ በ1945 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ስትሪተር የተባለ የባንክ ሰው «የሙሽሪት አባት» የሚለውን ልብ ወለድ አሳተመ፤ ሥዕሎቹን የሣለው የቤንችሊን መጻሕፍት ያስጌጠው ግሉያስ ዊሊያምስ ነበር። በ1950 ቪንሰንት ሚኔሊ ወደ ፊልም ለወጠው፤ ስፔንሰር ትሬሲ አባት፣ ኤልዛቤት ቴይለር ሙሽሪት ሆኑ። ቀልዱ ያው ነው፦ ድግሱን የከፈለው አባት በገዛ ቤቱ ሕዝብ መካከል እየተጋፋ ልጁን ሊሰናበት ቢሞክርም አይደርስባትም። በሚኔሊ ፊልም ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ልጅቷ ለጫጉላ ከመሄዷ በፊት ወደ አባቷ ስልክ ትደውላለች። አባትየው ዋጋ የሚያገኘው በከፈለው ገንዘብ ሳይሆን ልጁ ስላሰበችው ነው፤ እሷም ተላልፋ የምትሰጥ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ ራሷ የምትወድና የምታስታውስ ሰው ትሆናለች።

የቤንችሊ ፊልም አጭር ስለሆነ ይህን ሁሉ እንዲሸከም መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። የአባትን ኀዘን በሳቅ የሚናገር መንገድ መክፈቱ ብቻውን ያስመሰግነዋል፤ መንገዱን ግማሽ ላይ ማቆሙም እውነት ነው። ዛሬ ሊያየው ለሚፈልግ ሰው የምመክረው የሚኔሊን አስከትሎ እንዲያይ ነው። ቤንችሊ አባትየው ምን እንዳጣ ያሳያል፤ ሚኔሊ ደግሞ ያጣውን ሊመልስለት የሚችለው ማን እንደሆነ።